ስምንት ዓመት ቀድሜ ስላስረከብሁት ፋይል

ቁጥር፦ የለውም፤ የተጻፈው በቤት ነው
ቀን፦ የካቲት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር)

ለክቡር አቶ ገድሉ
በጣና ዳር የቃል ቅርስ ማሰባሰቢያ ጽሕፈት ቤት የመረጃ ሥርዓት ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ለዐቢይ ጾም እንኳን በሰላም አደረሰዎ፤ ጾሙ ጨጓራዎን ሳይነካ፣ ስብሰባው ወገብዎን ሳይጎዳ፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለው ባለ ፖም ምልክት ኮምፒውተርም አንድ ቀን እንኳ ሳያኮርፍብዎ ለትንሣኤው እንዲያደርስዎ ምኞቴ ነው። እኛ፣ መብራቱ ሄደ መጣ ከማለቱ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

እኔን ላያውቁኝ ይችላሉ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ የምንተዋወቀው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ በወይዘሮ ሩሐማ በኩል ብቻ ነው። እናትዓለም ጥዑመ ልሳን እባላለሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በፋብሪካ ጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የምኖረውም ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው። አባቴ የኔታ ጥዑመ ልሳን የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት ያህል በሐይቁ ዳር ቅኔና ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ የዛሬ አምስት ዓመት ዓይናቸው ሲጠፋ እኔ ዘንድ መጡ። የዘረፏቸውን ቅኔዎች በወረቀት አስፍረው አያውቁም፤ ቅኔ በተባለበት ቀን ተሰምቶ የሚያልፍ ነገር ነው፣ ነገ ሌላ ይባላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

ጽሕፈት ቤትዎ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የሽማግሌዎችን የቃል ቅርስ ሰብስቤ አሳትማለሁ ብሎ ማስታወቂያ ባወጣ ጊዜ ግን ልባቸው ተነሣ። አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሰጣችሁን፤ እርሳቸው እየነገሩኝ እኔ እየጻፍሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ቅኔ ላይ ደረስን። አባቴ በዚህ ምድር ላይ የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ መጽሐፉ ታትሞ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ፣ ገጹን በጣታቸው እየዳበሱ ይህ የእኔ ነው ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ከታመሙ ወዲህ ግን ትዝታቸው እየሳሳ ሄደ። ከሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱ አርባ ያህሉ ዛሬ እኔ ከጻፍሁት በቀር የትም የሉም፤ እርሳቸውም ዘንድ የሉም። ስለዚህ ቸኩለናል፤ ክቡርነትዎ ደግሞ እንደማይቸኩሉ በሦስቱ ጉብኝቶቼ ተረድቻለሁ።

በኅዳር ወር ለአባቴ እግር ብለን ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተን ስንመለስ ሰርኩላርዎ በበራችን ሥር ገብቶ ጠበቀን። የድሮው ዊንዶውስ ድጋፍ ስላበቃ፣ ለደኅንነት ሲባል በእርሱ የተሠራ ፋይል ተቀባይነት እንደማይኖረው፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ እስከ ጥር 30 ድረስ በራሱ እጅ አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኖ፣ ሥራውን ሁሉ በአዲሱ ላይ በአንድ ፋይል አጠቃልሎ፣ በፍላሽ በአካል እንዲያስረክብ ያዝዛል። አራት ገጽ መመሪያና አንድ ፍላሽ ተያይዞበታል። የመመሪያው የመጀመሪያ መስመር ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ያለ ባለሙያ እገዛ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ይጭነዋል ይላል። ከዚህ በታች ያሉት እንግዲህ ተራዋ ተጠቃሚ ለባለሙያው የምታቀርባቸው ምስጋናዎች ናቸው።

1ኛ. ምርጫ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ምርጫ ሀ አዲሱ ዊንዶውስ ነበር። እርሱን ስጀምር ኮምፒውተሩ ገና ከበሩ ላይ ይህ ማሽን መስፈርቱን አያሟላም ብሎ መለሰኝ። ኮምፒውተሩን የሰጣችሁን እናንተ ናችሁ፤ ኮምፒውተሩ የማይችለውን እንዲጭን ያዘዛችሁትም እናንተ ናችሁ፤ ለአርባ ቁጥር እግር ሠላሳ ስምንት ቁጥር ጫማ ሰጥቶ በሃያ ደቂቃ ይግባልሽ ማለት ትልቅ እምነት የሚጠይቅ ነገር ነው። በክፋት እንዳላወራ ብዬ የእህቴ ልጅ ፀደንያ በራሷ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ስትጭነው አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ማሽኑ አዲስ ሲሆን ቀላል ነው። ኢንተርኔት ካላገኘሁ አልቀጥልም አላት እንጂ፣ ከዚያም ኢሜይሏን፣ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትወድ፣ ማስታወቂያ ቢላክላት ደስ ይላት እንደሆነ ጠየቃት። ለጋብቻ የሚላኩ ሽማግሌዎች እንኳ ያን ያህል አያጣሩም። እርሷ ግን ወጣት ስለሆነች ሁሉንም እሺ እያለች አለፈችው።

ምርጫ ሐ ባለ ፖሙ ነበር፤ ስለ እርሱ መመሪያው የሚለው ለዳይሬክቶሬቱ ብቻ የሚል ሁለት ቃል ነው። ወይዘሮ ሩሐማን አጫጫኑ እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃት፣ አይጫንም፣ ከካርቶኑ ሲወጣ ሰላም ብሎ ይነሣል አለችኝ። መመሪያውን የጻፈው ሰው የመጫንን ችግር ከየት ሊያውቀው ይችላል ብዬ ስገረም ለነበርሁት መልሱን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። የቀረን ምርጫ ለ፣ ሊኑክስ የሚባለው፣ በፍላሹ የመጣው ነው።

2ኛ. ሁለተኛው ገጽ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ኤፍ ሁለት ወይም ኤፍ ዐሥራ ሁለት ወይም ኢስኬፕ ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፣ እንደ ኮምፒውተሩ ዓይነት ይለያያል ይላል። አርባ ሁለት ኮምፒውተር በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ ከአንድ ዓይነት ያከፋፈላችሁን እናንተ ስለሆናችሁ፣ ዓይነቱን ከእኛ ይልቅ ለማወቅ ቅርብ ነበራችሁ ብዬ በትሕትና አስባለሁ። ቁልፉን የመጫኛው ጊዜ አንዲት ሰከንድ ነው፤ ካመለጠች አጥፍቶ እንደገና ማስነሣት ነው። በደቂቃ ሥልሳ ቃል ስጽፍ ጡረታ የወጣሁ ሴት በአንዲት ቁልፍ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተሸነፍሁ። በመጨረሻ ስደርስበት ከአራቱም አንዱ አልነበረም፤ ኤፍ ዘጠኝ ነው። ይህንኑ ለአርባ አንዱ ባልንጀሮቼ ያዳረስሁት በስልክ ስለሆነ ለጽሕፈት ቤትዎ ግልባጭ አልላክሁም፤ ይቅርታ።

3ኛ. ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ የሚመጡትን ጥያቄዎች ሁሉ ‘ቀጥል’ እያሉ ይለፉ የምትል አንዲት መስመር አለች። ኮምፒውተሩ እዚያ ቦታ ሲደርስ ራሱ ቆም ብሎ፣ በዲስኩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠያቂው ብረት ነው፤ አትጠይቁ፣ ቀጥሉ ያለው ደግሞ የሰው ልጅ ነው። እኔ ፋብሪካ በነበርሁበት ዘመን በካርቦን ሦስት ኮፒ ሳላወጣ አንድ ወረቀት ከታይፕ ማሽን ላይ አንሥቼ አላውቅም፤ ኦሪጅናሉ ለባለጉዳይ፣ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ሁለቱም ጠፉ ለሚሉበት ቀን። ከዚሁ ልማድ የተነሣ የአባቴ ቅኔዎች በሌላ ፍላሽ ተገልብጠው፣ ፍላሹ በአባቴ የዳዊት ማኅደር ውስጥ ገብቶ፣ ማኅደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ስለዚህ ቀጥል ስል ምንም አልፈራሁም።

ከአርባ አንዱ ባልንጀሮቼ አንዱ፣ የይፋጉ አቶ ክንዱ፣ ግን ፋብሪካ አልሠሩም። የእናታቸውንና የመንደራቸውን አሮጊቶች የአረምና የአውድማ ዘፈን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለቅሙ የኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሰው ያምናሉ፣ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ደግሞ ከሰው አብልጠው ያምናሉ። መመሪያውን ቃል በቃል ፈጸሙት። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል አሉ፤ እንደተባለውም በሃያ ደቂቃ አለቀ። መቶ ሰማንያ ዘፈን አብሮ አለቀ። አሁን ከቤት ቤት እየዞሩ እንደ አዲስ ይለምናሉ፤ ከዘፋኞቹ ሁለቱ ግን ባለፈው ዓመት ዐርፈዋል። መዝገብ ቤታችሁ በር ላይ አግኝቼያቸው ሲያጫውቱኝ ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ላይ አድርገው ነው፤ እኔ ነኝ ሳላስተውል የነካሁት ይላሉ። ክቡር ሆይ፣ በሌላው ሁሉ እቀልድ ይሆናል፤ በዚህ ግን ተናድጃለሁ፣ ንዴቴም አልበረደም።

4ኛ. ይህ አራተኛው ምስጋና ሳይሆን የእኔ ኑዛዜ ነው። ሊኑክስን መጫን፣ ሰው እንደሚያወራው ሳይሆን፣ ቀላል ነው። የጥምቀት እንግዶቻችንን ሸኝተን፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን። ጀመርን የምለው አባቴ አጠገቤ ወንበር ስበው ስለተቀመጡ ነው። እኔ በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ጥያቄ አንብቤ ወደ አማርኛ እመልስላቸዋለሁ፣ እርሳቸው ይመልሳሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሁለት ዓመት ቅኔ የጻፍነው በዚሁ አኳኋን ስለሆነ አልከበደንም። በምን ቋንቋ ላናግራችሁ ይላል ስላቸው በግእዝ በዪው አሉኝ፤ የለውም ስላቸው አዘኑለት። የምትኖሩት የት ነው ሲል ካርታው ላይ አዲስ አበባ እንጂ ባሕር ዳር ስላልነበረች፣ ከጣና ዳር ርቀው ኖረው የማያውቁት አባቴ ለሥራው ሲባል ይሁን ብለው ፈቀዱ። ስም ሲጠይቅ የዓለሙን ነው የክርስትናውን አሉኝ፤ የክርስትናው ለዚህ ምን ያደርግለታል ተባብለን የዓለሙን ሰጠነው። የይለፍ ቃል ምረጡ ሲል ደግሞ ለእኔም እንዳትነግሪኝ ብለው ጆሯቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የቁልፍ ድምፅ ፊደሉን እንደማያሳብቅ ባውቅም ደስ ብሎኝ ጻፍሁት። በሃያ አምስት ደቂቃ አለቀ፤ አምስቱ ደቂቃ የግእዙ ክርክር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሰጣችሁን ኮምፒውተር ውስጥ ቀን የምትጠብቀው ትንሿ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ቤታችን ኢንተርኔት ስለሌለ ከሌላ ጠይቆ አያስተካክልም። ጭኜ ስጨርስ 2009 ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ቀኑን በእጄ የማስተካክልበትን ቦታ ከፍቼ ዛሬ ስንት ነው ብዬ አባቴን ጠየቅሁ። የጠየቅሁት እንግዲህ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩትን ሰው ነው። ዓመተ ዓለም ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት፣ ዘመኑ ማርቆስ፣ አበቅቴ ዐሥራ ሁለት፣ መጥቅዕ ዐሥራ ስምንት፣ ዓመተ ምሕረት ሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት፣ ጥር ዐሥራ አራት አሉኝ፤ የትናንት ምሳቸውን የረሱ ሰው አንዲት ቁጥር አልሳቱም። ማሽኑ ለአበቅቴ የሚሆን ቦታ ስላልነበረው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ብቻ ሞላሁለት፤ ዐሥራ አራት፣ ለጥር የፈረንጁን የመጀመሪያ ወር፣ 2018። በማን አቆጣጠር ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት በየደብዳቤው ቀኝ ራስ ላይ ቀን ስጽፍ በማን አቆጣጠር ነው ብሎ የጠየቀኝ ሥራ አስኪያጅ ስላልነበረ አልነገርሁትም። እሺ ብሎ ተቀበለ፤ አባቴም ታዛዥ ደቀ መዝሙር ነው ብለው መረቁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልሸሽም።

5ኛ. መብራት ሄዶ ቀኑን በረሳ ቁጥር በዚሁ አቆጣጠር እየሞላሁለት፣ በታዘዝሁት መሠረት ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱን ቅኔ ጥር 21 ቀን በአንድ አዲስ ፋይል አጠቃልዬ፣ በማግስቱ ዓርብ ጥር 22 ቀን፣ ማለት የመጨረሻው ቀን ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ፍላሹን ለወይዘሮ ሩሐማ አስረከብሁ። እርሷም ገቢ ሆኗል የሚል ማኅተም መትታ ደረሰኝ ሰጠችኝ። የካቲት 3 ቀን የጻፉልኝ መልስ በማግስቱ ደረሰኝ። ፋይሉ በኮምፒውተሩ የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2018፣ ይኸውም ፕሮጀክቱ ከመጀመሩ ከአምስት ዓመት በላይ ቀድሞ ስለሆነ፣ ሥራው ለፕሮጀክቱ የተሠራ አለመሆኑ መረጋገጡን ገልጸውልኛል። ካልተስማማሁ ሦስት ምስክሮችና ባለቅኔው በተጠቀሰው ዘመን በሕይወት የነበሩ ስለመሆናቸው ማስረጃ እንዳቀርብም ፈቅደውልኛል። አባቴን በ2018 በሕይወት ነበሩ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አዎ አሉኝ።

የእርስዎን ደብዳቤ ደግሞ እንደ ልማዴ ከራሱ እስከ ግርጌው አነበብሁት። ቀኝ ራሱ ላይ የካቲት 3 ቀን 2018 ይላል። እርስዎ ለእኔ ፋይል ባወጡት ስሌት ሲታይ፣ ይህን ደብዳቤ የፈረሙት ፕሮጀክቱም ሳይታሰብ፣ እርስዎም ሳይሾሙ፣ ያ የሚያምር ኮምፒውተርም ገና ሳይሠራ ነው። አርቆ አሳቢነትዎን ማድነቅ ይገባኛል።

6ኛ. በዚያው ቀን፣ የካቲት 4፣ ነገሩን ላስረዳ መጥቼ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በወይዘሮ ሩሐማ በኩል ጥያቄዬን ላክሁ። ምስኪኗ ሩሐማ፣ ሰዓቱን በእኛ ዘመን ሞልታው ነው፣ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚቆጥረው ብላ ስትማልድልኝ በበሩ ስንጥቅ ሰምቻለሁ። የመለሱላትንም ሰምቻለሁ፤ ጽሕፈት ቤታችን የሚያውቀው ማሽኑ የመዘገበውን ቀን እንጂ ሰው የሚናገረውን ቀን አይደለም ብለዋል። ቃሉ ስለገባኝ ቤቴ ሄጄ ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ አስተካከልሁ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም፣ ማሽኑም ምስክር አልጠየቀኝም። ፋይሉን ደግሜ አጠቃልዬ በማግስቱ ይዤ መጣሁ። አሁን ደግሞ ማሽኑ የመዘገበው የካቲት 4 ስለሆነ ከጥር 30 አራት ቀን ዘግይቷል ተባልሁ። የጥር 22ቱን ማኅተም ባሳይም ማኅተሙ ፍላሹ መግባቱን እንጂ ፋይሉ መግባቱን አያረጋግጥም ተብሏል። ስለዚህ እኔ ወይ ስምንት ዓመት ቀድሜያለሁ፣ ወይ አራት ቀን ዘግይቻለሁ፤ በሰዓቱ የመጣሁበት ቀን በጽሕፈት ቤትዎ አቆጣጠር ውስጥ የለም። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ መስከረም 2019 እንደሆነም ተነግሮኛል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አልተገለጸም። ስወጣ መዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ማንኛውም አቤቱታ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ያገኛል የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ ተጽናናሁ።

ሰባተኛም ነበረኝ፤ ስለ አራተኛው ገጽ። አራተኛው ገጽ ባዶ ስለሆነ ግን የሚባል ነገር አጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ላቁመውና ለምን እንደምጣደፍ ልንገርዎ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አባቴ ከቅኔዎቹ አንዱን አንብቢልኝ አሉኝ። በእናቴ አርባ የተቀኙትን መረጥሁላቸው፤ የእናቴ ስም ያለበት ነው። አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ሁለት ቦታ ላይም እሰይ አሉ። ስጨርስ ይህን የዘረፈው ማነው ብለው ጠየቁኝ። መልሴን ሳይጠብቁም፣ ሰውዬው የተማረ ነው፣ ያዘነም ሰው ነው፣ በሕይወት ካለ ሰላምታዬን አድርሽልኝ አሉኝ። አደርሳለሁ አልኋቸው። ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

መስከረም ሲመጣ አባቴ በሕይወት ይኖሩ ይሆናል፤ እግዚአብሔር ያውቃል። መጽሐፉ ጭናቸው ላይ ሲቀመጥ ግን ይህ የእኔ ነው ይሉ እንደሆነ፣ ወይስ ሰላምታ ብቻ ይልኩ እንደሆነ፣ ማንም ሊያረጋግጥልኝ አይችልም። እርሳቸው የሚያውቁበት ቀን በየሳምንቱ እያነሰ ነው። ያንን ቀን የሚመዘግብ ማሽን በጽሕፈት ቤትዎ ካለ በየትኛው ቁልፍ እንደሚነሣ ይንገሩኝና፣ ዐሥራ አንድ ጊዜም ቢሆን እሞክረዋለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው። በጥር 22ቱ ማኅተም መሠረት ፋይሉ ይግባ፤ መጽሐፉም ወደ ማተሚያ ይሂድ። የአቶ ክንዱም ቀን ይራዘምላቸው፣ መልቀሚያ ጊዜ ያገኙ ዘንድ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያያያዝሁት ግማሽ ገጽ እኔ የጻፍሁት መመሪያ ነው፤ በነፃ ይጠቀሙበት። መጀመሪያ ኮፒ ያዙ ብሎ ይጀምራል፣ ኤፍ ዘጠኝ ይላል፣ ማሽኑ ሲጠይቃችሁ አንብቡ ይላል፣ ዓመቱን ስትሞሉ በፈረንጅ ነው ብሎ ያበቃል። አቶ ክንዱ አንብበውት ይህ ቀድሞ ቢደርሰኝ ብለዋል፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን እንደሚችል መስክሬያለሁ፤ እኔና አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በሃያ አምስት ደቂቃ ጭነነዋል። ጽሕፈት ቤትዎን ግን ይኸው ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ማስነሣት አልቻልሁም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ኮሪደሩ ላይ እንኳ ቢሆን ቆመው እንደሚያነቡልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ስብሰባዎችዎ በሙሉ ፍሬ እንዲያፈሩ፣ ከፍሬዎቹም አንዱ እስከ ሹም አቦ እንዲደርስ በመመኘት፣ በጽሕፈት ቤትዎ ደንብ የተፈተንሁና ገና ያላለፍሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
እናትዓለም ጥዑመ ልሳን
ተራ ተጠቃሚ

ግልባጭ፦
ለየኔታ ጥዑመ ልሳን (ተነብቦላቸዋል፤ ትሕትናው በዝቷል ብለዋል)
ለአቶ ክንዱ፣ ይፋግ
ለወይዘሮ ሩሐማ፣ ለመልካምነቷ
ለዳዊቱ ማኅደር፣ በፍላሽ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት በዚያው በሰጣችሁን ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ከመጀመሬ በፊትም ሰዓቱን ወደ አባቴ አቆጣጠር መልሼዋለሁ። አብሮ በተላከው ፍላሽ ላይ የዚህን ደብዳቤ ፋይል ሲከፍቱት ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2018 ይልዎታል። ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቀው ማሽኑ የመዘገበውን ቀን ብቻ ስለሆነ፣ አቤቱታዬ ከቀረበልዎ እነሆ ስምንት ዓመት አልፎታል፤ በዐሥራ አምስት ቀን ይሰጣል የተባለውን መልስ ግን እስካሁን አልሰጡኝም። በዚያን ጊዜ አባቴ ዓይናቸው ያይ ነበር፣ ቅኔዎቻቸውንም ሁሉ ያስታውሱ ነበር። በጊዜው መልሰውልኝ ቢሆን ኖሮ መጽሐፋቸውን ራሳቸው ያነቡት ነበር።